ቦርዱ አይደለም፣ ውሃው ነው

ጎንደር ውስጥ የእቃ ማጠቢያ ማሽን ያለው ቤት ጥቂት ነው። ካሉትም ውስጥ እኔ ያየኋቸው አብዛኞቹ ሥራቸውን ትተው ጠረጴዛ ሆነዋል። አንድ ሰሞን ይሠራሉ፣ እንግዳ ሲመጣ ይታያሉ፣ ከዚያ አንድ ቀን መሃል ላይ ቀጥ ይላሉ። ባለሙያ ይጠራል። "ቦርዱ ተቃጥሏል" ይላል፤ ማሽኑን የሚያዘውን የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ማለቱ ነው። ቦርዱ አዲስ አበባም የለም ይባላል። ከዚያ በኋላ ማሽኑ ዳንቴል ይለብስና ቴርሞስና የብርጭቆ ትሪ ይሸከማል።

የእኛ ቤቱም ወደዚያው እየሄደ ነበር። ታናሽ እህቴ ከጀርመን ጠቅልላ ስትመለስ ከሌላው እቃዋ ጋር በኮንቴይነር ያስመጣችው ነው፤ ከአዲስ አበባ እስከ ሰፈራችን ማራኪ በአይሱዙ ተጭኖ መጥቶ አንድ ጭረት እንኳ አልነካውም። በኤሌክትሪክ በኩል ስጋት አልነበረብንም፤ እነሱ ጋ 230፣ እኛ ጋ 220 ቮልት ነው፣ ኸርዙም ሁለቱም ጋ 50 ነው። (ጣጣ ያለበት ከአሜሪካ የሚመጣው ነው። እሱ 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ይፈልጋል፤ ቮልቱን በትራንስፎርመር ብታስተካክሉት እንኳ ኸርዙ እንዳለ ይቀራል። ዋሽንግተን ያላችሁ ዘመዶች፣ ከመጫናችሁ በፊት አስቡበት።)

ሕመሙ እንዲህ ነበር። በሩን ዘግተን ስናስነሳው መጀመሪያ የማስወጫው ፓምፕ ለጥቂት ሰከንድ ያጉረመርማል። ቀጥሎ "ቀጭ" የሚል ድምፅ ይሰማና ውሃ መግባት ይጀምራል። ግን ሽሽሽ ብሎ አይገባም፤ ጠብ ጠብ ነው የሚለው። ደቂቃዎች ያልፋሉ። በመጨረሻ ማሽኑ ይጮህና የቧንቧ ሥዕል ያለባት ቀይ መብራት ያበራል። በሩን ስንከፍተው ከታች አንድ ሲኒ የማይሞላ ውሃ ተኝቷል።

የመጣልን ባለሙያ ጥሩ ልጅ ነው፤ ፍሪጅ ላይ የሚደርስበት የለም ይባላል። ማሽኑን ከግድግዳው ጎትቶ አወጣ፣ የጎኑን ላሜራ በካቻቪቴ ፈታ፣ በስልኩ መብራት ወደ ውስጥ አየና ራሱን ነቀነቀ።

"ማዘር፣ ቦርዱ ሄዷል" አላት እናቴን።

ቴስተሩ ከቦርሳው አልወጣም። "ሳትለካው እንዴት አወቅህ?" አልኩት።

"የነዚህ ማሽኖች በሽታ አንድ ነው፣ ወንድሜ።"

እናቴ ከመጀመሪያውም ማሽኑን አላመነችውም። "እናንተ ስትከራከሩ እኔ ሁለቴ አጥቤ በጨረስኩ" ብላ ወደ ሳፋዋ ሄደች።

ቦርድ አይቃጠልም አልልም። መብራት ሄዶ በኃይል በሚመለስበት ከተማ ብዙ ቦርድ ተቃጥሏል። ነገር ግን የተቃጠለ ቦርድ ያለው ማሽን አብዛኛውን ጊዜ የቧንቧ ሥዕል እየጠቆመ "ውሃ አልደረሰኝም" አይልም። ወይ ጭራሽ አይነሳም፣ ወይ ትርጉም የሌለው ነገር ይቀባጥራል። የእኛው ግን አንድ ነገር ነበር የሚለው፣ ያንኑም ሳይለዋውጥ። እንዲህ ያለውን ቢያንስ አንዴ አምኖ ማጣራት ይገባል ብዬ አሰብኩ።

ማንኛውም ነገር ከመፈታቱ በፊት የሚደረግ ቀላል ፈተና አለ። ማሽኑን አስነሱት፤ ያ የመጀመሪያው ማጉረምረም ካቆመ በኋላ (ካላቆመ ያፈሰሳችሁትን ሁሉ መልሶ ያስወጣዋል) በሩን ክፈቱና አራት ሊትር ያህል ንጹሕ ውሃ በጆግ ወደ ውስጥ አፍስሱ። ከዚያ ዝጉትና ጠብቁ። የእኛ ማሽን ቆየት ያለ ስለሆነ ውሃ መሙላቱን የሚያውቀው በአየር ግፊት በምትሠራ ማብሪያ ነው፤ ውሃው በቧንቧ ይምጣ በጆግ ግድ የለውም። አዲሶቹ የሚገባውን ውሃ ስለሚቆጥሩ በዚህ ላይሸወዱ ይችላሉ።

ሞተሩ ወዲያው ተነሳ። በብረቱ ግድግዳ ላይ ውሃ ሲጋረፍ ይሰማል። ትንሽ ቆይቼ በሩን ገርበብ ሳደርገው እንፋሎት ፊቴን መታኝ። በአንድ ጆግ ውሃ ቦርዱ፣ ማሞቂያውና ትልቁ ፓምፕ ከክሱ ነፃ ወጡ። የቀረው ከቧንቧው እስከ ማሽኑ አፍ ያለው መንገድ ብቻ ነው።

እንግዲህ ወደ ውሃው። የእነዚህ ማሽኖች መመሪያ ሁለት ነገር ይጠይቃል፦ የውሃው ግፊት በአብዛኛው ከ0.5 እስከ 10 ባር እንዲሆን (0.3 ይበቃናል የሚሉም አሉ)፣ ቧንቧውም በደቂቃ 10 ሊትር ያህል እንዲሰጥ። ግፊት የሚለካ መሣሪያ ቤታችን የለም፤ ቢጫ ጀሪካን የሌለው ቤት ግን ጎንደር ውስጥ አይገኝም። ባለ 20 ሊትሩ በሁለት ደቂቃ መሙላት አለበት ማለት ነው። የማሽኑን ጎማ ከቧንቧው ፈትቼ ጀሪካኑን ደቀንኩ፣ እናቴ ሰዓት ያዘች። ሁለት ደቂቃ ሲሞላ ውሃው ሩብ ላይ እንኳ አልደረሰም።

"ለጀሪካንም አልበቃ፣ ለጀርመን ማሽን ሊበቃ ነው?" አለች።

ምክንያቱን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። ሰፈራችን ከፍ ያለ ነው፤ የመንገዱ መስመር በፈረቃ ይመጣል፣ ሲመጣም አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት ነው። ስለዚህ ቤቱ የሚኖረው በሮቶ ነው። ሮቶው የተቀመጠው ማዕድ ቤቱ ጎን በተሠራ አጭር የብረት ማማ ላይ ሲሆን ከውሃው ወለል እስከ ማሽኑ ጎማ ያለው ከፍታ ሁለት ሜትር ተኩል ቢሆን ነው። አሥር ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ አንድ ባር ያህል ግፊት ይሰጣል። የእኛው እንግዲህ ሩብ ባር ነው፤ ማሽኑ ከሚጠይቀው ትንሹ ግማሽ። ሮቶው ሲጎድል ደግሞ እሱም ይቀንሳል። ከፍታ የውሃ ጉልበት መሆኑ ለዚህች ከተማ አዲስ ነገር አይደለም፤ የፋሲል መዋኛ ለጥምቀት ሲሞላ የኖረው ያለ አንዳች ሞተር፣ ከቀሃ ወንዝ በቁልቁለት በሚመጣ ውሃ ነው። እኛ ግን ሮቶውን ያስቀመጥነው ለማጠብ እንዲመች ዝቅ አድርገን ነው።

አንድ የሰፈራችን መምህር የጎንደር ከፍታ ነው ችግሩ አሉኝ። እውነት ነው፣ ከ2,100 ሜትር በላይ ነን፣ ውሃም እኛ ጋ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው። ማሽኑ ግን ከ70 ዲግሪ አካባቢ አያልፍም። ይህ ለሽሮ እንጂ ለማሽኑ ጉዳዩ አይደለም።

ግፊቱ ብቻም አልነበረም። ጎማው ከማሽኑ ጋር በሚገናኝበት አፍ ላይ አንዲት ስስ ወንፊት አለች። በፒንሳ ይዤ ሳወጣት የቡና አተላ የመሰለ ጭቃ ደፍኗታል። ይህ ጭቃ ከየት እንደሚመጣ ጎንደሬ ሁሉ ያውቀዋል። ከተማዋን ሲያጠጣ የኖረው የአንገረብ ግድብ ከላይ ካለው ተራራ በሚወርድ ደለል እየተሞላ ስንት ዘመን ተወራለት፤ ከተማዋ ዓይኗን የጣለችበት የመገጭ ግድብም ስንት ዘመን ተወራለት። ተጣርቶ የሚመጣው ውሃ እንኳ መስመሩ ባዶ ሆኖ ከርሞ እንደገና ሲሞላ በየቧንቧው የተኛውን ሁሉ ጠርጎ ነው የሚደርሰው። ያ ሁሉ ሮቶው ሥር ይረጋል። የሮቶው መውጫ ከወለሉ ጋር እኩል ከሆነ የምትጠቀሙት ዝቃጩን ነው፤ ትንሽ ከፍ ብሎ መበሳት ነበረበት። ወንፊቷን ባረጀ የጥርስ ብሩሽና በአቸቶ አጽድቼ መለስኳት። የውሃው ፍጥነት ተሻሻለ፣ ግን አልበቃም።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። ከአውሮፓ የሚመጡ አንዳንድ ማሽኖች ጎማቸው በቧንቧው በኩል ወፍራም የፕላስቲክ ሳጥን አለው። እሱ ውሃ ሲያፈስ መስመሩን የሚዘጋ ነው፤ ውስጡ ኤሌክትሪክ ያለበት ቫልቭ (የውሃ መክፈቻና መዝጊያ) ሊኖር ይችላል። "ጎማው አጠረ" ተብሎ አይቆረጥም፣ ሳፋ ውስጥም አይነከርም። ሶኬቱ ሳይነቀልም ማንም እጁን አያስገባ።

ቫልቩን ሳነሳ፣ ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ እሱ ነው። ብዙ ሰው (ያ ባለሙያ ልጅም ጭምር) ውሃ የሚያስገባውን ቫልቭ የሚከፍተው ኤሌክትሪክ ነው ብሎ ያስባል። አይደለም። ቫልቩ ውስጥ አንዲት ስስ ጎማ ተዘርግታለች። ዳሯ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ አላት፣ መሃሏም ላይ ሌላ አለ። የመሃሉን ቀዳዳ አንዲት ትንሽ ብረት ደፍናው ትቀመጣለች። ማሽኑ ሳይሠራ ሲቀር ውሃው በዳሩ ቀዳዳ ሾልኮ ከጎማዋ በላይ ይጠራቀማል፣ ጎማዋንም በራሱ ግፊት ተጭኖ ይዘጋታል። ኤሌክትሪክ ሲመጣ ኮይሉ (የተጠቀለለው ሽቦ) ያቺን ብረት ብድግ ያደርጋታል። የመሃሉ ቀዳዳ ይከፈታል፣ ከላይ የነበረው ውሃ በዚያ ያመልጣል፣ ከታች ያለው ውሃ ደግሞ ጎማዋን ገፍቶ ወደ ላይ ያነሳታል። መንገዱ ተከፈተ። ስለዚህ የመክፈቱም የመዝጋቱም ጉልበት የውሃው ነው፤ የኤሌክትሪኩ ድርሻ አንዲት ጠባብ ቀዳዳ መክፈት ብቻ ነው።

ውሃው ጉልበት ከሌለው እንግዲህ ምን ይሆናል? "ቀጭ" የሚለው ድምፅ ይሰማል፣ ምክንያቱም ብረቷ ተነስታለች። ጎማዋ ግን ሙሉ በሙሉ አትነሳም። ውሃው በጭላንጭሉ ይንጠባጠባል፣ ማሽኑ የተሰጠውን ደቂቃ ይቆጥርና ተስፋ ይቆርጣል። መዝጋቱም እንዲሁ ነው፤ ጎማዋን አጥብቆ የሚይዛት ግፊት ስለሌለ ማሽኑ ጠፍቶ ሳለ ውሃ ቀስ እያለ ወደ ውስጥ ይገባል። ማታ ደረቅ የነበረ ማሽን ጠዋት ውሃ ቋጥሮ ያገኛችሁ ሰዎች "ያፈሳል፣ አሮጌ ነው" ከማለታችሁ በፊት የሮቷችሁን ከፍታ ለኩ።

የቫልቩን ጤንነት በቴስተር ማወቅ ይቻላል። ሶኬቱ ይነቀላል፣ ሁለቱ ገመዶች ከቫልቩ ይወጣሉ፣ ጫፎቹ ይለካሉ። በእኛ ቮልት የሚሠራ ኮይል ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 4.5 ኪሎ ኦም ድረስ ያነባል። ቴስተሩ ምንም ካላነበበ ውስጡ ያለው ሽቦ ተበጥሷል፤ ያኔ ቫልቭ ይገዛል፣ ቦርድ ግን አሁንም አይገዛም። የእኛው 3.8 አነበበ። ደኅና ነው።

ግፊት የዚህ ማሽን የልደት ታሪኩም ነው። የሚሸጥ የእቃ ማጠቢያ ማሽን ሠርታ የተሳካላት ጆሴፊን ኮክሬን የተባለች አሜሪካዊት ናት፤ ፓተንቷን ያገኘችው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1886 ነው። (ጎንደርን ድርቡሽ ያቃጠላት ከዚያ በዓመቱ ግድም ነው። የሁለቱ አገሮች ሐሳብ ምን ያህል ይራራቅ እንደነበር ሳስብ ይገርመኛል።) የሴትዮዋ ማሽን ሳህኑን አይፈትግም፤ በሽቦ ቅርጫት አቁሞ ውሃ በግፊት ይረጭበታል። በ1893 የቺካጎ ኤግዚቢሽን ላይ አሳየችው፣ ሆቴሎችና ምግብ ቤቶችም ገዙት። ወደ መኖሪያ ቤት ለመግባት ግን ብዙ ዓመት ፈጅቶበታል፤ አንዱ ምክንያት በዚያን ጊዜ አብዛኛው ቤት ለማሽኑ የሚበቃ የሞቀ ውሃ ማቅረብ አለመቻሉ ነው። ማሽኑ ደርሶ ቤቱ አልደረሰም ነበር። ማራኪም ያጋጠመን ይኸው ነው። ዛሬ የሚረጨውን ግፊት የሚፈጥረው የማሽኑ የራሱ ፓምፕ ነው፣ የሚያሞቀውም ራሱ ነው። ከቤቱ የሚፈልገው ጨዋ የሆነ የውሃ አገባብ ብቻ ነው፣ እሱንም አልሰጠነውም።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንዱ ሮቶውን ማስነሳት። ግማሽ ባር ለማግኘት አምስት ሜትር ያስፈልጋል፣ በቧንቧው ርዝመትና በየክርኑ የሚጠፋውን ስትጨምሩ ስድስት። ሺህ ሊትር ውሃ አንድ ቶን ነው። አንድ ቶን ስድስት ሜትር ላይ ለመስቀል የብረቱ ውፍረት፣ መሠረቱ፣ ነፋሱ... ብየዳ ቤት ሄደን ዋጋውን ጠየቅን፣ አመስግነን ተመለስን።

ሁለተኛው ከሮቶው መውጫ ላይ ትንሽ የግፊት ፓምፕ መግጠም ነው፤ ቧንቧ ሲከፈት ራሷ ተነስታ ሲዘጋ የምታቆመዋን። እህቴ "መብራት ሲጠፋስ?" አለችኝ። መብራት ሲጠፋ ማሽኑም አብሮ ይጠፋል፤ ሁለቱ አብረው ቢተኙ ማንም አይጎዳም። ለሌላው ቧንቧ ግን ፓምፗን የሚያልፍ ሁለተኛ መስመር ከአንድ መዝጊያ ጋር አስቀርተናል፣ ጨለማ ውስጥ እጅ መታጠብ እንዳያቅተን። ሮቶው ባዶ ሲሆን ደርቃ እንዳትሠራ የምታቆም ዓይነት መሆኗንም ሳትጠይቁ አትግዙ፤ ውሃ ሳታገኝ የምትሽከረከር ፓምፕ ዕድሜ የላትም።

አንዳንድ ሰው ፓምፑን በቀጥታ ከመንገዱ መስመር ላይ ይገጥመዋል። ይህን ነውር ነው የምለው። የጎረቤትን ፈረቃ መምጠጥ ነው፤ ከዚያም በላይ ቧንቧው ባዶ ሲሆን ፓምፑ በየስንጥቁ ከውጭ ያለውን ቆሻሻ ይስባል። መጀመሪያ ወደ ሮቶ ይግባ፣ ከዚያ የራሳችሁን ውሃ እንደፈለጋችሁ ግፉት።

በኤሌክትሪኩ በኩል አንድ ቃል ብቻ፦ ማሞቂያው 2,000 ዋት ገደማ ይስባል፣ ማለትም ዘጠኝ አምፔር። በዲቫይደር ከፍሪጁ ጋር አይሰካም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3,000 ዋት በላይ ስለሆነ ማሽኑና ምጣዱ በአንድ መስመር ላይ ከተገናኙ ብሬከሩ ይወርዳል፣ እንጀራውም ሳይበስል ይቀራል።

ፓምፗ በተገጠመች ማግስት ማሽኑ ሽሽሽ ብሎ ሞላ፣ አጠበ፣ አደረቀ። ነገር አለቀ ስንል ጎረቤታችን እትዬ ሊጠይቁን መጥተው ሊያግዙን ፈለጉ። የዱቄት ሳሙናው ቦታ ላይ ላርጎ ሞሉበት። ከሩብ ሰዓት በኋላ አረፋው በበሩ ሥር ወጥቶ ወደ ሳሎን ተጓዘ።

"ኧረ ልጄ፣ ይኼ ማሽን ጠላቴ ነው" አሉ፣ ነጠላቸውን ሰብስበው እየሳቁ።

"የእርስዎ ጥፋት አይደለም እትዬ፣ ማንም ያልነገረዎትን" አልኳቸው። በእጅ የምናጥብበት ፈሳሽ ሳሙና አረፋ እንዲያወጣ የተሠራ ነው፤ የማሽኑ ግን አረፋ እንዳያወጣ። አረፋ ፓምፑ ውስጥ ሲገባ ፓምፑ የሚገፋው አየር ይሆናል፣ እቃው ሳይታጠብ ይቀራል። ደግነቱ መድኃኒቱ ከማዕድ ቤት አያልፍም። ጨው በእፍኝ በትናችሁ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ጨምራችሁ፣ ማስወጫውን ደጋግማችሁ ማሠራት ነው። ጨው አረፋውን ይሰብረዋል። ግን እዚያው ወለሉ ላይ ከመክደኛ ጋር ያለችው የጨው ጉድጓድ ውስጥ አታስገቡት። እሷ ውሃውን ለሚያለሰልሰው ክፍል የተለየች ናት፤ ሌላ ነገር ያልተቀላቀለበት ሻካራ ጨው ነው የምትፈልገው። ከሱቅ የምንገዛው የገበታ ጨው አዮዲንና ሌላም ይጨመርበታል፤ እዚያ አይገባም።

በአገራችን እቃ ላይ ያየሁትን ልናገር። የደረቀ ሽሮ የያዘ ድስት በደንብ ይለቃል፤ የማሽኑ ሳሙና ውስጥ ስታርችና ፕሮቲን የሚቆራርጡ ኢንዛይሞች አሉ፣ ጊዜና ሙቀት ሲያገኙ ሽሮን አይፈሩም። ሲኒ ከላይኛው መደርደሪያ ካልተቀመጠና ካልተደገፈ ይገለበጥና ውሃ ቋጥሮ ይወጣል። በርበሬና ቅቤ ያለበት ሳህን ከነጭ ፕላስቲክ ጋር ከገባ ፕላስቲኩ ቀልቶ ይወጣል፣ ተመልሶም አይነጣም። ጀበና በፍጹም አይገባም፤ ሸክላ ሳሙናውን ይጠጣውና ቡናውን ያስመርረዋል። የእንጀራ ፍርፋሪ ሳይጠረግ ከገባ የታችኛው ማጣሪያ ላይ ተለጥፎ ይሸታል፣ እሱን በየሳምንቱ አውጥቶ ማጠብ ነው።

ማሽን ውሃ ይቆጥባል ይላሉ። ቧንቧ ከፍቶ ለሚያጥብ ሰው እውነት ነው፤ የእኛው ለአንድ ዙር ከአሥር ሊትር ትንሽ ዘለል ያለ ነው የሚጠቀመው። ውሃ በጀሪካን ተሸክማ ያደገች ሴት በሁለት ሳፋ የምታጥበው ግን ከዚያ ብዙ የሚርቅ አይመስለኝም። እናቴ አሁንም የቁርሱን እቃ በእጇ ነው የምታጥበው፤ የበዓሉን ድስት ግን ለማሽኑ ትተዋለች። ክርክር የለንም።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል። የቫልቩ ጎማ ብዙ ጊዜ ሳትዘጋ ስለኖረች ጠርዟ ተበልቷል መሰለኝ፣ አሁን ግፊት እያላትም ትንሽ ታንጠባጥባለች። ስለዚህ ማሽኑ ሥራውን ሲጨርስ ከጀርባው ያለውን ቧንቧ በእጅ እንዘጋለን። ምትኩን እንዲያመጣልን እህቴ ከጀርመን ለሚመጣ ሰው ነግራለች። ቫልቭ የምታስመጡ ካላችሁ የማሽኑን ሞዴል ቁጥር በበሩ ጠርዝ ላይ ካለው ተለጣፊ ፎቶ አንስታችሁ ላኩ፤ አፉ በአብዛኛው ባለ ሦስት አራተኛ ኢንች ጥርስ ስለሆነ ከውጭ ሲታይ ሁሉም አንድ ይመስላል፣ የመውጫው አቅጣጫና የኮይሉ ቁጥር ግን ይለያያል።